ሱቄ ውስጥ የሌለው ሙሾ

ደብረ ማርቆስ መናኸሪያ አጠገብ ባለችው ሱቄ ለሾፌሮች ዘፈን በፍላሽ እጭናለሁ። ሁሉም የሚጠይቀኝ ያንኑ የሰለቸ ዘፈን ነው፤ እኔ ደግሞ ማንም የማያውቀውን አንድ የይጁቤ ከተማ ማሲንቆ መቺ ሳይጠይቁኝ ጣል አደርግላቸዋለሁ። መጀመሪያ ይቆጡኛል። በሳምንቱ ተመልሰው «ያን ሰውዬ ጨምርልን» ይላሉ።

ከሁሉም በላይ ሰው እንዲሰማው የምመኘው ግን የጎረቤቴን የአሮጊቷን ሙሾ ነበር። ለቅሶ ቤት ቆመው ግጥሙን እዚያው እየፈጠሩ ሲያወርዱት የማያለቅስ የለም። አንድ ቀን ስልኬን ይዤ ቤታቸው ሄድኩ።

«እማማ፣ አንዴ ይበሉልኝና ልቅዳው። እንዲህ ያለ ድምፅ ለቅሶ ቤት ብቻ መቅረት የለበትም» አልኳቸው።

«ሞት በሌለበት ቤት ሙሾ አይወርድም፤ ሞት ይጠራል» ብለው ስልኩን በእጃቸው ገፉት። አጉል እምነት ነው ብዬ ተናድጄ ወጣሁ።

ከዚያ ጦርነቱ ከተማችን ገባ፤ ተኩሱ መጣ። እሳቸውም ድምፃቸው እስኪዘጋ ድረስ ከለቅሶ ቤት ለቅሶ ቤት ይጠሩ ጀመር። ባለፈው ጾም ለወንድሜ ሙሾ ሊያወርዱ እኛ ቤት መጡ። ስልኬ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ አላወጣሁትም።

ለሾፌሮች ዛሬም ያልታወቀ ዘፈን እጠቁማለሁ። የእሳቸውን ግን ለማን ልጠቁም? በሰፈራችን ያልሰማቸው ቤት የለም።