የበኩር ልጅ በእናት ቤት

ባለፈው ሳምንት ሽምብራ ልገዛ ጎጃም በረንዳ ወርጄ፣ አንዲት እናት ሆዷ የገፋ ልጇን በክንዷ ይዛ በጋሪዎቹ መሐል ስታሳልፋት አየሁ። አገር ቤት ልታስወልዳት ልትወስዳት እንደሆነ ጓዛቸው ይናገራል። እኔ ደግሞ አፌ አያርፍም፤ "ተመርምራለች?" አልኳት። ገላምጣኝ አለፈች። እውነቷን ነው፣ ምን አገባኝ።

እኔንም እናቴ እንዲሁ ልትወስደኝ መጥታ ነበር። በእኛ ወግ የበኩር ልጅ የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ሐምሌ ነበር፤ ባለቤቴ እዚያው ጎጃም በረንዳ የማር መጋዘን ይሠራ ነበር፣ የምንኖረውም ከመጋዘኑ ጀርባ አንዲት ክፍል ውስጥ ነበር። እናቴ ለገንፎ የሚሆን የገብስ ዱቄትና ቅል ሙሉ ቅቤ ተሸክማ፣ ነጠላዋ በዝናብ ርሶ ገባች። ደስ ሊለኝ ሲገባ ፍርሃት ያዘኝ።

ለእርግዝና ክትትል ደም ሰጥቼ፣ የጉበት ቫይረስ እንዳለብኝ ተነግሮኝ ነበር። ምንም አላመመኝም። ሲስተሯ ግን ሕፃኑ በተወለደ ዕለት ካልተከተበ በሽታው ሊይዘው ይችላል ብላኛለች።

"እማዬ፣ እዚሁ ነው የምወልደው" አልኳት።

"ምነው፣ እናት የለሽም?"

"ልጁ የተወለደ ዕለት መርፌ መወጋት አለበት።"

"መርፌ እኛ አገር የለም ያለሽ ማነው?"

ይህኛው መርፌ ግን ፍሪጅ ይፈልጋል፤ ያኔ አዲስ አበባም እንደ ልብ አይገኝም ነበር። የእናቴ ቤት ደግሞ ከአስፋልት ወርዶ ግማሽ ቀን በእግር ነው፣ ክረምት ሲሆን ወንዙ ሞልቶ ሰው አያሻግርም። ይህን ሁሉ ነግሬያት እሺ ስላላለች፣ በማግስቱ ሀብተ ጊዮርጊስ ድልድይ አካባቢ ወዳለው ክሊኒክ ይዣት ሄድኩ። መንገዱን ሙሉ የአዲስ አበባን ጭቃ ስታማ ነበር።

ሲስተሯ በትዕግሥት አስረዳቻት። "ብዙ ጊዜ በወሊድ ጊዜ ከእናት ወደ ልጅ ነው የሚተላለፈው። እርስዎም ቢመረመሩ ጥሩ ነው፣ እማማ" አለቻት።

እናቴ ወደ ሲስተሯ ጠጋ አለች። ከዚያ፣ "ዓይን ቢጫ ያደርጋል?" አለች።

"አዎ፣ ጉበት ሲጎዳ።"

"ሆድስ ያሳብጣል?"

"ከብዙ ዓመት በኋላ፣ አንዳንዱን ሰው።"

ሁለቱ ታላላቅ ወንድሞቼ የሞቱት እንደዚያ ሆነው ነው፣ በጉልምስናቸው፣ አንዱ ባንዱ ላይ። እናቴ መተት ነው ብላ ጎረቤታችንን እትዬ የሺን ስትረግም ኖራለች። መንደሩም አምኗት፣ ለእትዬ የሺ እሳት እንኳ የሚሰጣት ጠፍቶ ነበር።

እናቴ እጅጌዋን ሰብስባ ክንዷን ዘረጋች። "ቅጂኝ" አለች።

ቫይረሱ እሷም ላይ ተገኘ። ስንመለስ ስለ ጭቃው ምንም አላለችም። ሰፈራችን ልንደርስ ስንል ቆመችና፣ "የሺ አይደለችም" አለች። እኔ የራሴን ፅንስ እያሰብኩ ነበር፤ እሷ የቀበረቻቸውን።

አገር ቤት እንሂድ የሚል ነገር ከዚያ ወዲህ አላነሳችም። አዲስ አበባ ወለድኩ፤ ልጄ ስትወጋ እግሯን ይዛ የቆመችው እናቴ ናት። ገንፎውንም እዚያችው ጠባብ ክፍል ውስጥ አገነፋችልኝ። ልጄ ክርስትና ከተነሣች በኋላ እናቴ አገሯ ገባች፣ ቤቷ እንኳ ሳታርፍ ድንጋይ ተሸክማ እትዬ የሺ ደጅ ተደፋች። እትዬ የሺ ድንጋዩን ከጫንቃዋ አወረደችላት አሉ። ምን እንደተባባሉ እናቴ ለማንም አልተናገረችም።

ልጄ ኋላ ስትመረመር ነፃ ሆነች፤ ዛሬ ቁመቷ ከእኔ በልጧል። እናቴም እስካሁን በሕይወት አለች፣ ቫይረሱ በደሟ ውስጥ እያለ አንድ ቀን አልጋ ላይ አልጣላትም። ወንድሞቼን በላ፣ እሷን ተዋት። ለምን እንደሆነ ሐኪሞቹም አጥጋቢ መልስ አልሰጡኝም። እኔ በየስድስት ወሩ ጉበቴን እታያለሁ። በእናቴ ልውጣ በወንድሞቼ፣ ገና አላወቅሁም። የአገሬ ሰው ገበያ ላይ ሲያገኘኝ "ቁርጥ እናትሽን" ይለኛል።

አሜን እላለሁ።