ከነጠላ ሥር የነበረው ውሃ

ይህን ለማንም ተናግሬ አላውቅም። በቅርቡ ንስሐ ስገባ ለነፍስ አባቴ ትንንሾቹን ሁሉ ዘርዝሬያለሁ፤ ከእናቴ ጋር መጨቃጨቄን፣ ቅዳሴ ማርፈዴን። ይህችን ግን ዋጥኳት። ለምን? ምክንያቱም እኔ ጥንቁቅ ልጅ ነኝ ይባላል፣ እኔም ይህን ስም እወደዋለሁ።

የመጀመሪያ ዓመት የጤና ተማሪ ነኝ። በሁዳዴ ጾም ለተግባር ልምምድ ሀይሌ ጋርመንት አካባቢ ወዳለ አንድ ክሊኒክ ተላክሁ። ሥራዬ አፋቸው የሚደርቅና ምራቃቸው የሚያንስ በሽተኞችን መጠይቅ ማስሞላት ነበር። ጥያቄውን አነባለሁ፤ እነሱ ከ«በጭራሽ» እስከ «ሁልጊዜ» ካሉት መልሶች አንዱን ይመርጣሉ፤ እኔ በእርሳስ ምልክት አደርጋለሁ። ድምሩ ከፍ ያለ ሰው ወደ ጥርስ ሐኪሟ ይላካል። የምትቆጣጠረን ሲስተር በመጀመሪያው ቀን አንድ ነገር አስጠንቅቃኛለች፦ «የሚሉህን ጻፍ፣ የሚመስልህን አትጻፍ። በሰው አፍ ውስጥ ያለውን ድርቀት አንተ አታየውም።»

ደብተሬ ላይ ጻፍኩት። ከሥሩም አሰመርኩበት።

በዚያው ሳምንት ግን ሲስተር ወረቀቶቹን እያገላበጠች፣ ሰው ሁሉ «ሁልጊዜ» የሚለው ታሞ ነው ወይስ ጾሙ ይዞት ነው ብላ ስታጉረመርም ሰማሁ። ለእኔ ብላ አልነበረም። እኔ ግን ለራሴ ወሰድኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ የበሽተኞችን ከንፈር መሰለል ያዝኩ። ይሄ ሰውዬ ነፃ መድኃኒት ፈልጎ ይሆን? ያቺ ሴትዮ ሐኪም ዘንድ ቶሎ ለመግባት ይሆን? ማንንም አላምንም ነበር።

ወይዘሮ አበበች ከፉሪ የመጡ የደም ግፊት ታካሚ ነበሩ። ተራ ሲጠብቁ አየኋቸው። ግራ ቀኙን ቃኙና ነጠላቸውን ወደ አፋቸው ሳብ አድርገው፣ ከሥሩ ሃይላንድ አውጥተው ተጎነጩ። ገና ሦስት ሰዓት አልሆነም። እኔ ከማታ ጀምሮ ውሃ አልቀመስኩም፤ እስከ ዘጠኝ ሰዓትም አልቀምስም። በስውር ጾም የሚሽር ሰው፣ አልኩ በልቤ፣ እግዚአብሔርን ካታለለ ለእኔ እርሳስ ይራራል?

ፊቴ ተቀምጠው ለጥያቄው ሁሉ «ሁልጊዜ» አሉ። ዳቦ ያለ ውሃ አይወርድልኝም፣ ሌሊት ምላሴ ከላንቃዬ ይጣበቃል አሉ። ወረቀቱ ላይ «ዛሬ ጾመዋል?» የሚል ጥያቄ ነበር። እሱን አልጠየቅኳቸውም። ለምን እጠይቃለሁ? በዓይኔ አይቼ የለ?

ሲወጡ ላጲስ አነሳሁ። እኔ ነኝ ያነሳሁት። «ሁልጊዜ» የሚለውን አጥፍቼ «አልፎ አልፎ» ላይ ምልክት አደረግሁ። በአንዱ ጥያቄ ብቻ አይደለም፣ በሁሉም። የላጲሱን ብናኝ እፍ አልኩት። እውነትን ከሐሰት የለየሁ መስሎኝ ነበር። ማታ ሲስተር ወረቀቶቼን አይታ «ያንተ ሥራ ደስ ይላል» አለችኝ፤ እኔም እስከ ቤቴ በደስታ ሄድኩ።

ከፋሲካ በኋላ ክፍል ውስጥ ተማርን። ምራቅ ጥርስን ይጠብቃል፤ አንዳንድ የደም ግፊት መድኃኒት ምራቅን ይቀንሳል፤ አፉ የሚደርቅ ሰው ውሃ ከእጁ አይለይም። የመጨረሻዋን ስጽፍ እስክሪብቶዬ ቆመ። ያ ሃይላንድ የሐሰታቸው ማስረጃ ሳይሆን የሕመማቸው ምልክት ቢሆንስ?

ክረምቱ ሲገባ መካኒሳ የታክሲ ሰልፍ ላይ ተገናኘን። «ዶክተሩ ልጄ» ብለው እሳቸው ቀድመው ጠሩኝ። ሲስቁ አፋቸውን በእጃቸው ሸፈኑ፤ ሁለት የፊት ጥርሶቻቸው የሉም። ውሃው በእጃቸው ነበር፣ ሳይደበቅ። ያን ቀን ለምን ተደብቀው እንደጠጡ ጠየቅኳቸው። አያችሁ፣ ያኔም ቢሆን ጥፋቱን እሳቸው ላይ እየፈለግሁ ነበር።

«እንዴ፣ አይተኸኝ ነበር?» አሉ። «እኔ እኮ ጴንጤ ነኝ ልጄ። ያ ሁሉ ጿሚ አፉን ዘግቶ ተቀምጦ፣ ፊቱ ላይ ውሃ ስጠጣ ነውር አይሆንም?»

ቀጥለውም ወደ ክሊኒኩ ተመልሰው እንደነበር ነገሩኝ። ወረቀትዎ ላይ ያለው ቀላል ነው፣ ሐኪም ዘንድ መግባት አያስፈልግም ተብለው ተመለሱ።

«ሁልጊዜ ያልኩ ይመስለኝ ነበር» አሉ። «አንተ ትዝ ይልሃል?»

«አይ፣ እናቴ። ትዝ አይለኝም» አልኩ።

«እንግዲያው እኔው ነኝ በደንብ ያልተናገርኩ» አሉና ታክሲው ውስጥ ገቡ። አጠገባቸው ቦታ ይዘው «ና ግባ» አሉኝ። መንገዴ ሌላ ነው ብዬ ቀረሁ። መንገዴ ሌላ አልነበረም።

ጾም አድክሞኝ ነው አልልም። ሲስተርን ላስደስት ብዬ ነው አልልም። ወረቀቱ ዛሬም ክሊኒኩ መደርደሪያ ላይ አለ፤ ላጲሱ ያሳሳው ቦታ ወደ ብርሃን ቀና ቢያደርጉት ይታወቃል። ከእናንተ ይቅርታ አልለምንም። ይቅር ሊሉኝ የሚችሉት ወይዘሮ አበበች ናቸው፤ እሳቸው ደግሞ እስከ ዛሬ የሚጠረጥሩት ራሳቸውን ነው።