ከቤታችን የጎደለው ድምፅ

ወንድሜ የመጀመሪያውን ምርጫ ያሸነፈው በከብት ነው ሲሉ የብቸና ሰዎች አልተሳሳቱም። ፖለቲካ ውስጥ ከመግባቱ በፊት የግብርና ጽሕፈት ቤቱ የእንስሳት ጤና ባለሙያ ነበር። ክትባት ይዞ ያልደረሰበት ቀበሌ የለም። ምጥ የጠናባት ላም ያለችው ሰው የሚሮጠው ወደ እሱ ነው፤ እሱም እጁን እስከ ክንዱ አስገብቶ ጥጃውን ያወጣለታል። ሰው ሁሉ “ዶክተሩ” ይለው ነበር፤ ዶክተር አይደለሁም ቢላቸውም የሚሰማው የለም። መጀመሪያ ለወረዳው ምክር ቤት፣ ቀጥሎ ለክልሉ ምክር ቤት ሲወዳደር ምን ልታደርግልን ነው ብሎ የጠየቀው አልነበረም። ላሙ የዳነችለት ሁሉ ሄዶ መረጠው።

እኔ ያኔ ሞጣ አስተምር ነበር፤ አሁንም እዚያው ነኝ፤ ትዳሬም እዚያው ነው። ወንድሜም ሚስቱን ያገኘው እኔ ቤት ሊጠይቀኝ ሲመጣ ነው፤ ወላጆቿ ከሞጣ ወጣ ብሎ ያለ ገጠር ውስጥ ይኖራሉ። እሱ ግን ኑሮውን ብቸና አድርጎ ቆየ። ምርጫውም፣ መራጩም፣ እናታችንም ብቸና ነበሩ።

ለመጀመሪያው ጉባኤ ወደ ባሕር ዳር ከመሄዱ በፊት እናታችን ጠላ ጠምቃ ዘመድ ጠራች። ከእንግዶቹ መካከል ዕድሜያቸው የገፋ የቅኔ መምህር ነበሩ። ሊመርቁ ተነሡና ስለ አደራ ጥቂት ተናግረው፣ “እንግዲህ የእኛም ሰው ምክር ቤት ገብቶ ይሰማል” ብለው ተቀመጡ። አሜን አልን። ጥርሳቸው ስላለቀ “ይሰማል” የሚለውን ቃል ያጥብቁት ወይ ያላሉት የለየ ሰው አልነበረም። አጥብቀውት ከሆነ ቃሉ የሚደመጥ ሰው ይሁን ማለታቸው ነው። አላልተውት ከሆነ ግን ዝም ብሎ የሌላውን ሲያዳምጥ ይኖራል ማለታቸው ነው። በእኛ አገር የቅኔ ሰው ሲመርቅም ሲወጋም ፊቱ አይለወጥም። ወንድሜ ስቆ ጉልበታቸውን ሳመ። እንግዳው ሲበተን ግን ጓዳ ድረስ ተከትሎኝ ገባና የትኛውን ነው ያሉት አለኝ። እኔም አላወቅኩም። የአጎታችን ልጅ አጠገባችን ቆሞ ነበር፤ ከወንድሜ ጋር አንድ ቤት ያደገ ገበሬ ነው፤ በምርጫውም ጊዜ መንደር ለመንደር እየዞረ የቀሰቀሰለት እሱ ነው። “ለሁለቱም እንዲሆን አድርገው ነው ያሉት፤ አንዱን አንተ ትመርጣለህ” አለው። ወንድሜ ይህን አልወደደውም።

ከዚያ በኋላ ጉባኤው በቴሌቪዥን ሲተላለፍ መምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጬ እሱን እፈልግ ነበር። ሁልጊዜ ከኋላ ወንበር ነው የሚገኘው። እጁ ሲነሣ አይቻለሁ፤ አፉ ሲከፈት ግን አላየሁም። የሥራ ባልደረቦቼ፣ “ወንድምሽ ዛሬም ደገፈ” እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ለምን እንደማይናገር ብጠይቀው ሥራው ያለው ኮሚቴ ውስጥ እንደሆነ፣ አዳራሹ ለካሜራ እንደሆነ ነገረኝ። አመንኩት።

ነገር የመጣው ከውኃ ጋር ነው። ከብቸና ወጣ ብሎ ያለው የአጎታችን ልጅ ቀበሌ የሚጠጣው የምንጭ ውኃ ነበር፤ በበጋ ይደርቃል። አንድ ቀን ከደጀን በኩል የጉድጓድ መቆፈሪያ መኪና መጣ። ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው፤ በግ አርዶ ባለሙያዎቹን አበላ። መኪናው ጥቂት ሰንብቶ፣ እዚህም እዚያም በስቶ፣ አንድ ቀን ጠዋት ተነሥቶ በደብረ ወርቅ በኩል ወደ ሞጣ ሄደ። ማንም ለምን እንደሆነ አልነገራቸውም። ብዙም ሳይቆይ ሞጣ አካባቢ ውኃ ወጣ ተባለ። የወጣውም የወንድሜ ሚስት ወላጆች ካሉበት መንደር ነበር።

ይህን መጀመሪያ የሰማሁት ወደ ብቸና ስሄድ ሚኒባስ ውስጥ ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡ ሁለት ሰዎች እህቱ መሆኔን ሳያውቁ ያወራሉ። አንደኛው፣ ዶክተሩ የአማቱን እንስራ ሊሞላ የእኛን ሰበረ አለ። ሌላው ቀስ ብሎ፣ እህቱም እዚያው ሞጣ አይደለች፣ ቤተሰቡ እኮ ወደዚያ ካዘነበለ ቆየ አለው። ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ ብቸና ደረስኩ።

በዚያው ሰሞን የወንድሜ ሚስት እናት ቤት ሄጄ ነበር። ከአዲሱ ቧንቧ በጣሳ ቀድተው ሰጡኝ፤ ደስታቸው ከፊታቸው ይፈስ ነበር፤ ልጅሽ ይባረክ ብለው ለእናቴ ምርቃት ላኩ። ምርቃቱን ስሰማ ልቤ ደነገጠ። ለምን ነው እሱን የሚመርቁት? እሱ ምን አድርጎ? ውኃው ቀዝቃዛና ጣፋጭ ነበር፤ ጠጥቼ ጣሳውን መለስኩላቸው።

ወንድሜን ሳገኘው ቀጥ ብዬ ጠየቅኩት።

“ጋሼ፣ መኪናውን ያስወሰድከው አንተ ነህ?”

“አንቺም?” አለኝ።

ከዚያ ወዲያ በሄድኩበት ሁሉ ይህች ቃል አብራኝ ሄደች። ያላደረገ ሰው አላደረግኩም ይላል፤ አንቺም አይልም እያልኩ እከራከራለሁ። ደግሞ ዘወር ብዬ፣ እህቱ የጠረጠረችው ሰው ሌላ ምን ይላል እላለሁ።

ሁለተኛው የክልል ምርጫ መጣ። ወንድሜ አሸነፈ፤ በምርጫ ክልሉ ውስጥ ያሉት ሩቅ ቀበሌዎች ከብቶቻቸውን አልረሱም ነበር። ሰፈራችንና የአጎታችን ልጅ ቀበሌ አብረው የሚመርጡበት ጣቢያ ግን ሌላ ነገር ተናገረ። ድምፅ የተሰጠው ትምህርት ቤቱ ውስጥ ነው፤ ውጤቱም በክፍሉ በር ላይ ተለጠፈ። ምርጫውን ልከታተል ሞጣ ድምፄን ሰጥቼ በማግስቱ መጥቼ ስለነበር አብሬው ሄድኩ። እዚያ ጣቢያ ተቀናቃኙ በልጦታል። ወንድሜ በሩ ሥር ቆሞ ደጋግሞ አነበበው። ለእሱ የተሰጠው ድምፅ እኮ የእኛን ዘመድ እንኳ አይሞላም ነበር። ሰዎች እንኳን ደስ ያለህ እያሉ ሲጨብጡት እጁን ሰጣቸው እንጂ ፊታቸውን አላያቸውም። ያሸነፈ ሰው ለቅሶ እንደደረሰ ሆኖ ቤቱ ገባ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤታችን ውስጥ የሚበላ እንጀራ ሁሉ በዓይን የሚመዘን ሆነ። ወንድሜ ሳቅ የበዛበትን ሰው ይጠረጥራል፤ ዝም ያለውንም ይጠረጥራል። የሩቅ አክስታችን ምርጫው ፍትሐዊ ነበር ብላ ብትናገር ለምን እንዲህ አለች ብሎ እኔን ይጠይቀኛል። እኔም ተመርምሬያለሁ። ሞጣ የምመርጥ ሰው ብሆንም፣ አትምረጡት ብዬ ለሰዎች ነግሬ እንደሆነ በወሬ መሐል አዙሮ ጠየቀኝ። በመጨረሻ ጥርጣሬው ያረፈው የአጎታችን ልጅ ላይ ነው። ገበያ ውስጥ ከተቀናቃኙ ጋር ቆሞ ሲያወራ ታይቷል ተባለ። መሬቱም መቆፈሪያው መኪና ጥሎት ከሄደው ቦታ ጋር ይዋሰናል። ለወንድሜ ይህ በቂ ነበር።

ለፋሲካ ሁላችንም እናታችን ቤት ተሰበሰብን። ወንድሜ ለሁሉ ሲያጎርስ የአጎታችንን ልጅ ዘለለው። ሁላችንም አየን፤ አላየንም ብለን ቀጠልን። የአጎታችን ልጅ ግን እጁን ከመሶቡ አነሣ።

“ያጠፋሁት ካለ ንገረኝ” አለው።

“አብሮኝ የበላ እጅ ነው የጣለኝ።”

“ወድቀሃል እንዴ? አሸንፈህ የለም?”

የአጎታችን ልጅ ጋቢውን ለብሶ እናታችንን ጉልበቷን ስሞ ወጣ። በነጋታው በሬውን ወሰደ። የእናታችን በሬ አንድ ብቻ ስለነበር በሬያቸውን አቀናጅተው ነበር ሁለቱንም መሬት የሚያርሱት። የእርሻው ወቅት እየደረሰ ነበር፤ የእናታችን በሬ ብቻውን ደጅ ታስሮ ሲያመነዥክ ይውላል። እናቴ ጠዋት ጠዋት ታየዋለች።

ትምህርት ቤት ሲዘጋ እሷ ጋ ሄድኩ። ወንድሜም ከባሕር ዳር ሲመለስ መጣ። ቡና እንኳ ሳይፈላ፣ ተቀመጥ አለችው።

“ያንን ልጅ ተወው። ያልመረጥኩህ እኔ ነኝ” አለች።

ሳቀ። ልትሸፋፍንለት ነው ብሎ ነበር። ምናልባት ምልክቱን አጥተሽው ይሆናል አላት።

“አጥቼው አይደለም። አየሁት፣ አውቄ ዘለልኩት።”

ሳቁ ፊቱ ላይ ቀረ። ለምን እንደሆነ ጠየቃት። እናቴ ድምጿን ከፍ አላደረገችም። ስለ ውኃው በጠየቀችው ጊዜ ስብሰባው ላይ አልተነሣም ብሎ እንደመለሰላት አስታወሰችው። “አንተ ለምን አላነሣኸውም? እኔ አፍ ያለው ልጅ ነው የወለድኩት። እዚያ ሄደህ ዝም የምትል ከሆነ እዚህ ከላሞቹ ጋር ብትሆን ይሻላል ብዬ ነው” አለች።

ያን ጊዜ ነው ወንድሜ የተናገረው። ባለሙያዎቹ ሥሩ አለት ነው፣ ውኃው ጥቂት ነው ብለው ሪፖርት አድርገዋል። መኪናው ወደ ሞጣ እንደሚሄድ ኮሚቴው ውስጥ ቀድሞ ሰምቷል። ሌላ ቦታ ይሞከር፣ ይቆፈር ብሎ መከራከር ይችል ነበር። ግን የሚሄድበት መንደር የአማቶቹ መሆኑን ሲሰማ አፉ ተያዘ። ቢቃወም ሚስቱ ቤት ጠላት ይሆናል፤ ቢደግፍ ብቸና። ስለዚህ ምንም አላለም። እኔ አላስወሰድኩም፤ አላስቀረሁምም አለን።

እናቴ ሰማችው። ያመነችው አይመስለኝም፤ ያላመነችውም አይመስለኝም። እኔ ግን ግማሹን አመንኩ። የቀረው ግማሽ እስከ ዛሬ አልለቀቀኝም።

“የእኔ አንድ ድምፅ ናት፤ የቀረውን እኔ እንጃ” አለች እናቴ። ወንድሜ ቀና ብሎ አየኝ፤ ከዚያ ዓይኑን መለሰ።

ሽማግሌ ይዞ የአጎታችን ልጅ ደጅ ሄደ። እሱም ይቅር አለው፤ በሬውንም መለሰ፤ የእናታችን መሬት ዘግይቶም ቢሆን ታረሰ። ተቃቅፈው ከተሳሳሙ በኋላ የአጎታችን ልጅ፣ “ማንን እንደመረጥኩ ግን አልጠየቅከኝም” አለው። ወንድሜ አልጠይቅህም አለ። ሽማግሌዎቹ ሳቁ። እነሱ ግን ሁለቱም አልሳቁም።

በሚቀጥለው ጉባኤ ወንድሜ ለመጀመሪያ ጊዜ እጁን ለመናገር አነሣ። በቴሌቪዥን አየሁት። የዚያን ቀበሌ ስም ጠርቶ መቆፈሪያው ለምን ሌላ ቦታ ሳይሞክር እንደሄደ ጠየቀ። በቀጣይ የሚታይ ይሆናል የሚል መልስ ተሰጠው። ልቤ ሞልቶ ለእናቴ ደወልኩላት። ብቸና ላይ ግን ሌላ ነገር ይወራ ነበር፤ ሰፈሩ ድምፅ ሲነፍገው አፍ አወጣ ተባለ። ቀበሌው ዛሬም ከምንጭ ነው የሚቀዳው።

ለክልሉ ምክር ቤት ለሦስተኛ ጊዜ አልተወዳደረም። በቃኝ ብዬ ነው ይላል። በቃህ ተብሎ ነው የሚሉ አሉ። ትልቅ ሹመት ተይዞለት ነው ያሉም ነበሩ፤ ሹመቱ ሳይመጣ ሲቀር እነሱም ዝም አሉ። ሞጣ የእንስሳት መድኃኒት ቤት ከፈተ። የብቸና ሰዎች ይህንንም አላለፉትም፤ ውኃውን ተከትሎ ሄደ አሉ።

ሱቁ ከትምህርት ቤቴ ሩቅ ስላልሆነ ብቅ እላለሁ። ክብደቱ ጨምሯል፤ ከገበሬዎች ጋር ሲያወራ እንደ ድሮው ይስቃል። ወደ ብቸና የሚወስደው መንገድ ሲከፈት ይሄዳል፣ ሲዘጋ ይቀመጣል፤ እንደ ሁላችንም። ደህና ነው ብዬ ማሰብ ጀምሬ ነበር።

በቀደም ስገባ ሁለት ሰዎች ከጠረጴዛው ወዲያ ከእሱ ጋር ተቀምጠው ነበር። ሲያዩኝ ወሬያቸውን አቋረጡ። አንዱ ተነሥቶ ወንበሩን ለቀቀልኝ፤ በጣም ትሑት ሰው ነው። ጫማቸውን አየሁት፤ በረት ረግጦ የሚያውቅ ጫማ አልነበረም። ጥቂት ስለ አየሩ አውርተው ተሰናበቱን። ምንም መድኃኒት አልገዙም። እነማን እንደሆኑ ስጠይቀው ወንድሜ መደርደሪያውን እያስተካከለ ደንበኞች ናቸው አለኝ። ምርጫ ቀርቧል እንዴ ልለው ፈልጌ ተውኩት። ቢመልስልኝም መልሱን ምን እንደማደርገው አላውቅም ነበር።

ቤት ስገባ እናቴ ደወለች። ወንድምሽን አየሽው ወይ አለችኝ። አየሁት፣ ደህና ነው አልኳት። ብቻውን ነበር ወይ አለች። ደንበኞች አብረውት ነበሩ አልኳት።

“የምን ከብት ነው ያላቸው?” አለችኝ።