ላሟ የለመደችው እጅ

ይህን የምጽፈው ከሦስት ምንጮች ነው፦ ከራሴ ትዝታ፣ ከባለቤቴና ከጎረቤታችን አንደበት። በጊዜው በጽሑፍ የያዝኩት ነገር የለም። ከሦስቱ ደካማው የራሴ ትዝታ ነው፤ ጡረታ ወጥቼ መካነ ሰላም ዳር ወዳለው የአባቴ መሬት ከተመለስኩ ወዲህ ዓመታቱ እርስ በርስ ይቀላቀሉብኛል። ሁለቱ ሴቶች ደግሞ ነገሩን እያንዳንዳቸው በሚመቻቸው መንገድ ይተርኩታል። ስለዚህ በዓይኔ ያየሁትን ከሰማሁት ለይቼ ለማስቀመጥ እሞክራለሁ።

እርሻችን ትንሽ ናት፤ ጥቂት በጎች፣ ዶሮዎች፣ ከጓሮ ነጭ ሽንኩርትና ጥቅል ጎመን፣ አንዲት የምትታለብ ዳልቻ ላም። በዐቢይ ጾም ወተት አንቀምስም፤ ላሟ ግን ጾም አታውቅም። ስለዚህ ባለቤቴ ከአጥር ማዶ ላለችው ሙስሊም ጎረቤታችን ትለቅላታለች። ጎረቤታችን ጠዋትና ማታ መጥታ ታልባለች፤ ወተቱ ለልጅ ልጆቿ ይሆናል። በፈንታው ከእሷ ጓሮ ድንችና ካሮት ወደ ጾም ወጣችን ይመጣል። የቆየ ልማዳቸው ነው፤ ማን እንደጀመረው አላውቅም።

ያን ዓመት ረመዳንም በጾማችን ውስጥ ዋለ፤ ወተቱ ማፍጠሪያ ሆነ። ጎረቤታችን ስታልብ በዝግታ መንዙማ ታንጎራጉራለች። ጎመን እየኮተኮትኩ እሰማት ነበር፤ ደስም ይለኝ ነበር። ዒድ ካለፈ በኋላም የእኛ ጾም ገና ስለነበር ማለቧን ቀጠለች።

ችግሩ የታወቀው በቅዳሜ ሹር ነው። ለፋሲካ ከወረኢሉ ልጃችን ትመጣለች፤ ባለቤቴ በገዛ እጇ ያለበችውን ወተት ልታቀርብላት አስባለች። ላሟን ከጥጃነቷ ያሳደገቻት እሷ ናት። እጇን ልታለማምዳት ፈልጋ ጥጃዋን አስጠባችና ማለቢያዋን ይዛ ተቀመጠች። ላሟ ለጥጃዋ የሰጠችውን ወተት ባለቤቴ ስትነካት ደበቀችው። በመጨረሻም ማለቢያውን በእግሯ ገለበጠችው።

ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን ሳቅ ተሰማ።

«ምነው እቴ፣ ማለብ ረሳሽ እንዴ?»

«ዝም በይ አንቺ! ላሜን ሰርቀሽብኝ ደግሞ ትስቂያለሽ?»

«አልሰረቅኋት፤ ወዳኝ ነው። ነገ መጥቼ ላልብልሽ?»

«በፋሲካዬ? ልጄን አንቺ ያለብሽውን ላጠጣት?»

«የእኔዎቹስ ያንቺን ሲጠጡ ከርመው የለ?»

«እሱ ሌላ ነው!»

ጎረቤታችን ወደ እኔ ዞረች። «ጋሼ፣ እርስዎ የተማሩ ነዎት። ላሟ የማን ናት?»

ጉዳዩ ማጣራት ይፈልጋል ብዬ ወደ ሽንኩርቴ ተመለስኩ። ባለቤቴ ግን ያን ዕለት ሳትስቅ አመሸች።

ለፋሲካ ቤተ ክርስቲያን አድረን በማለዳ ተመለስን። ጥቂት ጋደም ብዬ ስነሳ ከበረቱ መንዙማ ሰማሁ፤ ዝቅ ያለ፣ የሚቆራረጥ። ብዙም ሳይቆይ ባለቤቴ ወጣች። ማለቢያው እስከ አፉ አረፋ ይዟል። ከነጠላዋ በላይ የጎረቤታችንን አረንጓዴ ሻርፕ ተከናንባለች።

«ይህ የማን ነው?» አልኳት።

«ለብርዱ ነው» አለችና ሳታየኝ አለፈች።

ልጃችን ስትመጣ ወተቱ ቀረበላት። «እኔ ነኝ ያለብኩት» አለች ባለቤቴ፣ ማንም ሳይጠይቃት። ያን ቀን ያበራ ፊቷን አልረሳም፤ በዚህ እንኳ በትዝታዬ እተማመናለሁ። ከዚያ ወዲህ ላሟ ለእሷ ትታለባለች። ሻርፑ በበረቱ በር ላይ ተሰቅሎ ቀርቷል፤ ጎረቤታችንም መልሱልኝ ብላ አታውቅም።

ሻርፑን አይቻለሁና እመሰክራለሁ። መንዙማውን ማን እንዳንጎራጎረ ግን አላረጋገጥኩም። ባለቤቴ አፌን አልከፈትኩም ትላለች። ጎረቤታችን ደግሞ ያን ማለዳ ከቤቴ አልወጣሁም ትላለች፤ ይህን ስትል ባለቤቴን አታያትም። የበረቱን ግድግዳ አልፎ የደረሰኝ አንድ ድምፅ ይሁን ሁለት፣ አሁን በእርግጠኝነት መናገር አልችልም።