ከበሩ ኋላ የነበረው ሲንቄ

መጽሐፉን ያመጣችልኝ ኮሌጅ የምታስተምረው የወንድሜ ልጅ ነበረች። አሮጌ ትርጉም ነው። ጸሐፊዋ ባሕር ማዶ የኖረች፣ ከሞተች ብዙ ዘመን ያለፋት ሴት ናት። ሴት ከወንድ በታች የሆነችው እንዲያ ተደርጋ ስላደገች ነው ትላለች። አንዳንዱን ገጽ ሁለቴ ካላነበብኩት አይገባኝም ነበር።

አምቦ ባለው ግቢዬ፣ ሰርቪስ ቤቷን ባልና ሚስት ተከራይተዋታል። እሱ ወደ ጌዶ የሚሠራ ሚኒባስ ይነዳል። ግድግዳው ስስ ስለሆነ ሲመታት እሰማለሁ፤ ነፍሰ ጡር ሳለች የፊት ጥርሷን አውልቋል። ከወለደች ወዲህ ግን አልነካትም። በእኛ አገር አራስ አትመታም። ቀን ቀን ሕፃኑን ታቅፋ እኔ ዘንድ ትመጣለች፤ እኔም ጮክ ብዬ አነብላታለሁ።

አንድ ቀን መኪናው ተበላሽቶበት በምሳ ሰዓት መጣ። ደጄ ላይ ቆሞ ትንሽ አዳመጠ።

«ምሳ የለም፤ እዚህ ትምህርት ቤት ተከፍቷል?»

«ተሠርቷል እኮ፣ ላሙቅልህ» ብላ ተነሳች።

«ተይው ፈላስፋዋ! ፍልስፍና ታበይኛለሽ!»

መጽሐፉን ከእጄ ነጥቆ በጀርባው አፏን መታት። ደሟ የሕፃኑ መታቀፊያ ላይ ወረደ። ልጁን ለእኔ አቀበለችኝና ዞረች፤ ሆዷን በእርግጫ ብሎ ጣላት። ከዚያ ቀበቶውን ፈታ። በብረቱ በኩል ነበር የሚገርፋት።

ሕፃኑን አልጋ ላይ አስተኝቼ ከበሩ ኋላ ሲንቄዬን አነሳሁ። እናቴ ስትድረኝ የሰጠችኝ ቀጭን በትር ነው። ያገባች ሴት እሱን ይዛ መሐል ከገባች ወንድ እጁን ያወርዳል።

«ሲንቄ ፊት ነህ» አልኩት።

አባቱ ቢሆን ያወርድ ነበር። እሱ ግን ከተማ ያደገ ነው፤ ሲንቄ ያየው በበዓል ሰልፍ ብቻ ነው።

«አዴ፣ ይሄን ለኢሬቻ ያስቀምጡት» አለና ቀምቶ በጉልበቱ ሰበረው። አልተንቀሳቀስኩም። በስባሪው የእጄን አንጓ መታኝ። አጥንቱ ሲሰበር ሰማሁት።

ወጥቼ እሪ አልኩ። የሰፈሩ ሴቶች ሲንቄያቸውን ይዘው ወጡ። ጴንጤዋ ጎረቤቴ ሲንቄ ስለሌላት በወጥ ማማሰያ መጣች፤ መጀመሪያ የመታችውም እሷ ነች። ጎትተው አውጥተው መሬት ላይ ጣሉት። ግንባሩ እስኪተረተር ወገሩት። ከዚያ በሩ ላይ ተቀመጡ፤ እኔም እጄን በነጠላ ጠቅልዬ አብሬያቸው ተቀመጥኩ። ሲንቄ የሰበረ ካልካሰ ሴቶቹ ቤታቸው አይገቡም።

ሽማግሌዎች መጡ። በማግስቱ ባልየው ጊደር አቅርቦ ተንበርክኮ ይቅርታ ጠየቀ።

«በቃ ልጄ፣ እርቅ ወርዷል። ቤትሽ ግቢ» አሏት ትልቁ ሽማግሌ።

ከንፈሯ ማታውን ጤና ጣቢያ ተሰፍቷል፤ ቃሉ በግድ ነበር የሚወጣላት። «አራስነቴ ሲያልቅስ?»

«ያኔማ እንደማንኛዋም ሴት ነሽ» አሉ። በክፋት አልነበረም የተናገሩት።

«እንግዲያው አልገባም።»

ሴቶቹ ተንጫጩ። «ሲንቄ ያወረደውን እርቅ ልታፈርሺ! በእኛ ላይ!» አለች ጴንጤዋ፣ ማማሰያዋን እንደያዘች። ሌላዋ ወደ እግሯ ምራቋን ተፋች። ለእሷ የደበደቡት እጆች አሁን ወደ እሷ ይጠቁሙ ነበር።

ወደ እኔ ዞረች። «አዴ፣ እርስዎስ?»

«ወዴት ነው የምትሄጂው?»

«ጌዶ። እናቴ ጋ።»

በደህናው እጄ ሕፃኑን ታቅፌ ቀደምኳት። ከሴቶቹ አንዲትም መንገድ አልለቀቀችልንም፤ በትከሻዬ እየገፋሁ አለፍኩ። መናኸሪያ ያሉት ሾፌሮች የባሏ ጓደኞች ስለሆኑ አንጭንም አሉ። የከብት ነጋዴ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ አስገባኋት።

ልጁን ስሰጣት «መጽሐፉ መጨረሻው ላይ ምን ይላል?» አለችኝ።

«ገና አልደረስኩበትም» አልኳት።

ከዚያ ጤና ጣቢያ ሄጄ እጄን አሳሰርኩ።