የአዋላጇ የእንጨት ቀንድ

በስድሳዎቹ መጀመሪያ ጀማሪ ጋዜጠኛ ነበርሁ። ስለ ገጠር እናቶች ልጽፍ ፍኖተ ሰላም ሄጄ፣ አንዲት አዋላጅ ነርስ ተከትዬ ከማንኩሳ በታች ወዳለ መንደር ወረድሁ። እዚያ አንዲት ወጣት ምጥ ከያዛት ሁለተኛ ቀኗ ነበር። ነርሷ መረመረቻትና ለወጣቷ አማት፣ "ልጁ ደክሟል። ዛሬውኑ ሐኪም ዘንድ ካልደረሰች ሁለቱንም እናጣለን" አለቻቸው። ያለ አማቲቱ ፈቃድ ቃሬዛ አይነሣም።

"በቃሬዛ የሄደች መች ተመልሳ አየን? ማርያም እዚሁ ትምራታለች" አሉ።

ነርሷ የልጁን ልብ የምታዳምጥበትን የእንጨት ቀንድ በምራታቸው ሆድ ላይ አስደግፋ፣ "እስቲ እርስዎ ያዳምጡት" አለቻቸው። እኔ ከደጅ ሆኜ እሰማለሁ።

ጆሯቸውን አስጠግተው ብዙ ቆዩ። "ሲጋልብ ቆይቶ ያዘግማል" አሉ በመጨረሻ።

"መድከሙ ነው፣ እናቴ።"

አማቲቱ ወዲያው ወጡና እኔንም ጨምሮ ደጅ የቆምነውን ወንዶች፣ "ምን ትገተራላችሁ? ቃሬዛ አምጡ!" ብለው ጮኹብን።

መንገዱን ሁሉ ቀንዱን እንደያዙ ከቃሬዛው ጎን ሮጡ። በየዳገቱ "ቁሙ፣ ላዳምጠው" ሲሉ ነርሷ "ከቆምን አንደርስም" ትላቸዋለች። አንድ ጊዜ ብቻ አስቆሙን። አዳመጡና "አለ፣ ሂዱ" አሉ።

ከሰዓት በኋላ ሐኪም ቤት ደረስን፤ ሐኪሙም በመሣሪያ ስቦ ሴት ልጅ አዋለዳት። እናቲቱም ተረፈች። ነርሷ ቀንዷን ስትጠይቃቸው አማቲቱ ከነጠላቸው ሥር አወጡላት።

"እንኪ፣ ውሰጅው" አሉ። "አሁንማ ጩኸቷ ገበያ ድረስ ይሰማል።"