የማይስቀው አጫጅ

ሸሕዲ ላይ የሰሊጥ አጫጅ በሚመለመልበት ሜዳ አንድ ሰውዬ በዚያ ሐሩር ወፍራም ኮት ለብሶ መጣ። ካቦው አበባው ገና ሲያየው ጠላው። ፊቱ እንደ ግንብ ነው፤ ሌላው ሲስቅ እሱ አይስቅም፣ ዓይኑንም ብዙ አያርገበግብም። «ንቆን ነው» አለ አበባው በልቡ። ሰውዬው ቀኝ እጁን ኪሱ ከቶታል፤ ኪሱ ግን ዶሮ እንደያዘ ይንፈራገጣል።

«አረቄ ነው?»

«በሽታ ነው፣ ጌታዬ። ጎንደር ያለ ሐኪም፣ አንጎልህ ውስጥ ኃይል የሚሰጡ ጥቃቅን ሞተሮች እየጠፉ ነው አለኝ። ከነሱም ያነሱ ጠባቂዎች አሏቸው አሉ። ጠባቂዎቹን የሚያበረታ መድኃኒት ገና እየተፈለገ ነው። ለጊዜው ማስታገሻውን የምገዛው በዚሁ አጨዳ ነው።»

«ዘበኞችህ ተኝተዋላ!» አለ አበባው። ሰዉ በሳቅ አውካካ።

«አልተኙም። አንሰው ነው።»

አበባው አጫጆቹን ከሚጭነው መኪና ላይ የደረቀ የሰሊጥ ነዶ አውርዶ አስያዘው። የደረቀ ሰሊጥ ትንሽ ከነኩት ይረግፋል። ሰውዬው ነዶውን ይዞ ዝም ብሎ እንደቆመ እጁ ተንቀጠቀጠ፤ ፍሬው መሬት ላይ ዘነበ።

«አየህ? ማሳውን እንዲህ ልታረግፍልኝ ነው?»

«ማጭድ ይስጡኝማ። እጄ ሥራ ሲይዝ ይረጋል።»

«ሂድ ወዲያ!»

መኪናው ወደ ሽንፋ ማሳ ሲነሳ አበባው ከላይ ሆኖ ዞሮ አየ። ሰውዬው ተንበርክኮ የረገፈውን ሰሊጥ ከአቧራው ላይ ፍሬ በፍሬ ይለቅማል። እጁ አይንቀጠቀጥም። አበባው የጋቢናውን ጣሪያ በቡጢ መታና «ንዳው!» አለ።